የራስን መንኮራኩር ለመገጣጠም፦ በካርቶን፣ በኪሎ ወይስ በፍሬ?

ከሌጎ፣ ማለትም እርስ በርስ ከሚገጣጠመው የፕላስቲክ መጫወቻ ጡብ፣ የራሴን የጠፈር መንኮራኩር ልሥራ ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ፍሬ ይበቃኛል?» ብሎ ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ከዚያ ሺህ ጡብ ወለል ላይ ዘርግፌ አንድ ጥንድ ክንፍ መጨረስ አቃተኝ። የግራው ሽብልቅ ፕሌት (ጎኑ ሰያፍ የሆነ ስስ የክንፍ ጡብ) በእጄ አለ፤ የቀኙ የለም። ገልብጬ ልጠቀምበት ብል ጡብን ከጡብ የሚያያይዙት ጉብታዎቹ ወደ ታች ዞሩ። ግራና ቀኙ ለየብቻ የሚመረቱ መሆናቸውን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

መንኮራኩር ከቤት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የቤት ግድግዳ ቢዥጎረጎርም ቤት ነው። መንኮራኩር ግን ግራና ቀኙ መንታ ይሁን ይላል፤ ቀለሙም ሁለት ወይ ሦስት ቢሆን ያምርበታል። ስለዚህ ስትገዙ «ስንት ፍሬ ነው?» ሳይሆን «ከአንድ ዓይነት፣ በአንድ ቀለም ስንት አለው?» በሉ። ሦስቱን የመግዣ መንገዶች በዚህ ሚዛን ላስተያያቸው።

በካርቶን

ጥሩ ካርቶን (ከነመመሪያው ለአንድ ሞዴል የተዘጋጀ የጡብ ስብስብ) ማለት ፈርሶም የሚጠቅም ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣውን ጋላክሲ ኤክስፕሎረር በ2022 አሳድጎ መልሶ አወጣው፤ 1254 ፍሬ አለው። ትልቁ ክፍል ግራጫና ሰማያዊ ነው፤ መስታወቱ ቢጫ። ክንፎቹ ጥንድ ስለሆኑ ብታፈርሱት ጥንድ ጥንድ ጡብ ነው የሚቀራችሁ። ይህን የመሰለ ካርቶን ለጀማሪ መጋዘን ነው።

ድብልቅ ቀለም ያለው የጡብ ሣጥን ግን ሌላ ነገር ነው። ለልጆች ድንቅ ነው። ለመንኮራኩር ግን ከሮዙ አራት፣ ከአረንጓዴው አምስት፣ ከብርቱካናማው ሦስት ይዞ የትም አያደርስም። የፊልም ስም የተለጠፈበት ካርቶን ላይ ደግሞ ለስሙም እየከፈላችሁ መሆኑን አትርሱ።

ካርቶን አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ያስተምራል። የፕሌት ውፍረት 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት ስትደረድሩ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከአንዱ ጉብታ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ጉብታ ያው 16። በዚህ ስሌት አምስት ፕሌት በጎኑ አጋድማችሁ በሁለት ጉብታ ቦታ ላይ ክፍተት ሳይተው መግጠም ትችላላችሁ። የመንኮራኩር ጎን ለስላሳ የሚሆነው በዚህ ዘዴ ነው። ይህን ከወረቀት አንብቤ አልገባኝም ነበር፤ መመሪያ ተከትዬ ስገጥም ግን እጄ ገባው። ካርቶን ስትመርጡ እንግዲህ በጎናቸው ጉብታ ያላቸው ጡቦችና ብራኬቶች (የማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ማያያዣዎች) መኖራቸውን እዩ። እነሱ ከሌሉ ከላይ ወደ ታች መደርደር ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

በኪሎ

ያገለገለ ጡብ በኪሎ መግዛት ለፍሬ ሲካፈል ርካሽ ነው። መልቀም ግን አለ። ማታ ማታ እየለቀሙ መቀመጥ ደስ የሚለው ሰው አለ፤ እኔ አንዱ ነኝ። ካልሆነላችሁ አትግቡበት።

ዋናው ወጥመድ ግራጫው ነው። ሌጎ በ2004 አካባቢ የግራጫውን ቀለም ቀይሮታል። የድሮው ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ አዲሱ ወደ ሰማያዊ። በመብራት ስር ለየብቻ ስታዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። ጎን ለጎን ክንፍ ላይ ሲገጠሙ ግን ልብስ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ያስታውቃሉ። ፀሐይ የመታው ነጭና ሰማያዊም ወይቦ ይመጣል። ስታጥቡ ውሃው ከ40 ዲግሪ አይለፍ፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ማጠፊያና መቆንጠጫ ያላቸውን ደግሞ አንድ በአንድ ፈትሹ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ታዲያ ለምን ይገዛል? ለጌጡ! የባልዲ እጀታ፣ ቧንቧ፣ የሮቦት ክንድ፣ ከምን እንደወጣ የማይታወቅ ጥርስ... እነዚህ ሞተር አካባቢ ሲሰካኩ የጠፈር መርከቧ ብዙ ዘመን የሠራች ትመስላለች። ቀለሙ ያልገጠመውም አይጣልም፤ ሆድ ዕቃው ውስጥ ማን ያየዋል?

በፍሬ

በፍሬ ለሚገዛ ትልቁ ገበያ ብሪክሊንክ የተባለው ድረ ገጽ ነው። በ2000 ተከፍቶ በ2019 የሌጎ ኩባንያ ገዛው። ስቱዲዮ የተባለውን የዲዛይን ፕሮግራም በነፃ ይሰጣል። መንኮራኩሩን ስክሪን ላይ ትሠራላችሁ፤ የሚያስፈልገውን ጡብ ዝርዝር እሱ ያወጣላችኋል። የመረጣችሁት ጡብ በዚያ ቀለም ተመርቶ የማያውቅ ከሆነም ያሳያችኋል። በዚህ ቸል ብዬ አንዴ ጉድ ሆኛለሁ፤ ዲዛይኑን ከጨረስኩ በኋላ ነው የአፍንጫዋን ቀለም የቀየርኩት።

ከአንድ ዓይነት በአንድ ቀለም የፈለጋችሁትን ያህል የሚሰጣችሁ ይህ መንገድ ብቻ ነው። ሁለት ነገር ግን ያናድዳል። አንደኛው መላኪያ ነው። ዝርዝሩ በአራት ሻጭ ከተበተነ አራት ጊዜ ትከፍላላችሁ፤ አንዳንዱ ሻጭም ከዚህ በታች አልሸጥም ይላል። ሁለተኛው፣ ስክሪን ላይ ስበት የለም። አንዷ መርከቤ ስክሪን ላይ ንግሥት ነበረች፤ በእጄ ሳነሳት ወገቧ ላይ ለሁለት ተቆረጠች። 100 ጉብታ፣ ማለትም 80 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ነገር ካሰባችሁ ከቆዳው በፊት አከርካሪውን እዘዙ። ቀዳዳ ያላቸው የቴክኒክ ጡቦችና በቀዳዳው ገብተው የሚያያይዟቸው ፒኖች ማለቴ ነው።

የሌላ ብራንድስ? የሌጎ የመጀመሪያው ፓተንት (የፈጠራ መብት) ካለፈበት ቆይቷል፤ የሚገጥም ጡብ መሥራት በራሱ ሕገወጥ አይደለም። የሌጎን ስም ወይም የሌላ ሰው ዲዛይን መቅዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥራቱ ይለያያል። ትንሽ ከረጢት ገዝታችሁ አሥር ፕሌት ደርድሩ፤ ከዋናው ጡብ ቁልል ጋር ቁመቱን አስተያዩ። ከተበላለጠ ክንፍ ላይ አታውሉት።

እኔን ብትጠይቁኝ መዳፍ የምታክል የመጀመሪያ መርከብ ለሚሠራ፣ ቀለሙ ጥቂት የሆነ አንድ መካከለኛ ካርቶን ይበቃዋል፤ የጎደለውን በፍሬ ይሙላ። ያረጀች፣ ጭስ የጠጣች የጭነት መርከብ ለሚወድ ኪሎው ይሻለዋል። ረጅሟን የሚያልም በቀጥታ ወደ ፍሬ ይሂድ። በፍሬ ስታዙ የግራና የቀኝ ሽብልቅ ከአንድ ሻጭ፣ በአንድ ቀን ይሁን።

እኔ የቀኙን ብቻ ነበር ያዘዝኩት። በሦስተኛው ሳምንት መጣ። አዲሱ ግራጫ ነው፤ የግራው ለካ የድሮው ነበር።