መሰልቸት ሲበረታ፦ ወደ ስሜን መውጣት ወይስ ጎንደርን ዳግም ማየት?

አእምሮ ደጋግሞ የሚያየውን ነገር ችላ ማለት ስለሚለምድ፣ በጎንደር ፒያሳ ዕለት ዕለት የሚመላለስ ሰው የፋሲል ግቢን ግንብ እንደ ተራ አጥር ቆጥሮ ማለፉ አያስገርምም። ብዙዎች ለዚህ መሰልቸት የሚመርጡት መፍትሔ ከከተማ መውጣት ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ መድረስ፣ ከዚያም ወደ ስሜን ተራሮች ዘልቆ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ ማየት በእርግጥ መንፈስን ያድሳል። ሆኖም ጉዞው ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ ሲመለሱም የሚጠብቀው ያው ሥራና ያው መንገድ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ባሉበት ሆኖ ማስተዋል ነው። በከተማዋ ወዳለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ መላእክት የተሳሉበትን ጣሪያ ለጥቂት ደቂቃ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው፣ በመጀመሪያ አንድ ዓይነት የመሰሉት የመላእክት ፊቶች አንዱ ከሌላው በመጠኑ እንደሚለያይ ይገነዘባል፤ በፋሲል ግቢ ግንብም ላይ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዘውን ኖራ፣ ወደ ማታ የግድግዳውን ቀለም የሚለውጠውን ብርሃን ያያል።

እኔ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ፤ ይህም ስሜንን ንቄ ሳይሆን፣ በሰፈሩ ማስተዋልን ያልተለማመደ ዓይን ተራራውንም ቶሎ ሊሰለቸው ስለሚችል ነው። ጀማሪ ወደ ሥራ ሲሄድ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ አንድ በር ወይም አንድ መስኮት ብቻ መርጦ በየቀኑ እንዲመለከት እመክራለሁ።