የባሕር ዳር ክራር ለጥንቱ የአውሮፓ ዜማ ይሆናል?

በባሕር ዳር የእጅ ሥራ ሱቆች የሚሸጠው ባለ6 ክር ክራር የመካከለኛውን ዘመን የአውሮፓ ዜማ ይጫወታል፤ ክሩና ቅኝቱ ካልተቀየረ ግን አይሞከር።

ክራር ከጥንቱ የአውሮፓ ላየር፣ ማለትም ክራር መሰል የክር መሣሪያ፣ ጋር ያለው ዝምድና እውነተኛ ነው። ጀርመን ውስጥ ትሮሲንገን ላይ እ.ኤ.አ. 580 አካባቢ ከተቀበረ ሰው መቃብር የወጣው ላየር 6 ክር አለው፤ ርዝመቱም 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚለዩት ገበቴው ላይ ነው፤ የእነሱ ፊቱ ስስ እንጨት፣ የእኛ ቆዳ። ስለዚህ የክራራችን ድምፅ ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎም ይሞታል። ለጭፈራ ምት ይህ ጸጋ ነው፤ ለረጅምና ዘገምተኛ ዜማ ግን ያጥራል።

ዋናው ሥራ ቅኝቱ ነው። እ.ኤ.አ. 900 አካባቢ መነኩሴው ሁክባልድ የጻፈው የ6 ክር ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ነው። ክራሩ በትዝታ ሜጀር ተቃኝቶ ከሆነ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እና የላይኛው ዶ ይሆናል። የታችኞቹን ሦስቱን አይንኩ። ሶልን ወደ ፋ፣ ላን ወደ ሶል፣ የላይኛውን ዶ ወደ ላ ያውርዱ። የሚያስቸግረው ይህ የመጨረሻው ነው፤ አንድ ተኩል ድምፅ ሲወርድ ክሩ ይላላና በርኩማው (ቆዳው ላይ ክሮቹን የሚደግፈው እንጨት) ላይ ይንጣጣል።

ስለዚህ ክሩን በሙሉ ይቀይሩ። የብረት ክር ለዚህ ዜማ አይሆንም፤ ድምፁ ይሾላል፣ የታፈነውም ክር ያቃጭላል። ለጥንቱ የጅማት ክር የሚቀርበው ናይለን ነው። ከበርኩማ እስከ ቀንበር (ክሮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው አግዳሚ እንጨት) 50 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክራር ሁለት እሽግ የክላሲክ ጊታር ክር ይበቃል፤ 1ኛው ለላና ለሶል፣ 2ኛው ለፋና ለሚ፣ 3ኛው ለሬና ለዶ። ቀንበሩ ቀጭን ከሆነ ሁሉንም እኩል አንድ ተኩል ድምፅ ዝቅ ያድርጉ፤ ቁም ነገሩ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ሱቅ ውስጥ በመጀመሪያ ቀንበሩን ይዩ። በጨርቅ የተጠመጠመ ክር ያምራል፤ ግን ይንሸራተታል፣ ግማሽ ድምፅን አጥብቆ አይዝም። እኛ ለመድረክ የምንመርጠው ባለ መዘውሩን፣ ክሩ በሚዞር መቃኛ የሚወጠረውን ነው። ቆዳውን ደግሞ በጣት ቆርቆር አድርገው ያዳምጡ፤ የሚያጉረመርም ከሆነ ላልቷል። የጣና ዳር ክረምት ቆዳ ያላላል፤ በርኩማው ይሰምጣል፣ ድምፁም ይወርዳል። ያኔ ክሩን አይወጥሩ፤ አየሩ ሲደርቅ ቆዳው ተመልሶ ሲወጠር ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ ቆዳው ይቀደዳል። መጀመሪያ ጥቂት ፀሐይ ያግኘው።

የአጨዋወቱ ነገር ደስ ያሰኛል። በቀኝ እጅ ሁሉንም ክር እየገረፉ በግራ ጣቶች የማይፈለገውን ማፈን ለክራር ተጫዋች አዲስ አይደለም፤ ዛሬ የጥንቱን ላየር የሚያድሱ አውሮፓውያንም ብዙዎቹ እንዲሁ ይጫወታሉ። ኤስታምፒ ለተባለው ጭፈራ ግን ይጠንቀቁ። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ መጀመሪያ መጨረሻው ሳይዘጋ (ዜማው ሳይቋጭ)፣ ሁለተኛ ተዘግቶ። ከ6 ድምፅ የሚያልፈው ዜማ ደግሞ ክራሩ ላይ አይገባም። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለእንዲህ ዓይነቱ ዜማ የሚመረጠው በደጋን የሚመታው ቪዬል ነበር። የጭፈራ እርምጃ መመሪያ መጻፍ የተጀመረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ የኤስታምፒ እርምጃ ዛሬ በግምት የሚሠራ ነው።

የላየሩን ድምፅ በትክክል የፈለገ ባለሙያውን በቆዳ ፋንታ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የዋንዛ ፊት እንዲያለብስለት ይዘዝ።