ኮሮላችንን ላተረፈልን የአጂፕ ኤሌክትሪሺያን

የጅማ ልጆች፣ ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። አጂፕ አካባቢ የሚሠራ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው።

እኔና ወንድሜ በፈረንጅ 1994 የተሠራች ኮሮላ አለችን። ወንድሜ አጋሮ እየተመላለሰ የሚሠራው በሷ ነው፣ የቤታችን እንጀራ ናት። የዚያ ዘመን መኪና ቁልፍ ደግሞ ብረት ብቻ ነው፣ ተመሳስሎ የተሞረደ ካገኘ ማንም ያስነሳታል። መጀመሪያ ሌላ ጋራዥ ሄደን አላርም አስገጠምን፣ ደህና ብርም ከፈልን። ግን ሐምሌ ላይ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አላርም ማን ይሰማል?

ይሄ ልጅ ግን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ዳሽቦርድ) ውስጥ ትንሽ ሳጥን ይደበቃል። ሾፌሩ ኪሱ የሚይዛት ታግ አለች፣ ባትሪ እንኳን የላትም፣ ቁጥሯን የሚያነበው የሳጥኑ አንባቢ ጋ ስትጠጋ ከሱ በምታገኘው ኃይል ቁጥሯን ትናገራለች። ቁጥሩ ከገጠመ ሞተሩን ለሚያስነሳው ሞተሪኖና ለቤንዚን ፓምፑ ኮረንት ይለቀቃል፣ ካልገጠመ የለም። ሲጨርስ ታጓን ከኔ ወስዶ "በል አስነሳ" አለኝ። ቁልፉን ባዞረው ባዞረው ጸጥ!

በጣም ያከበርኩት ግን በሌላ ነገር ነው። እየሄደች ሞተሯን የሚያጠፋ እንዲገጥምልኝ ለምኜው ነበር፣ እምቢ አለኝ። "ጊቤ ቁልቁለት ላይ በስህተት ቢያጠፋባችሁስ? መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደርቃል" አለኝ። የሱ ሳጥን መነሳትን ብቻ ነው የሚከለክለው። ተጨማሪ ሥራ አግኝቶ እምቢ የሚል ባለሙያ ስንት አለ? የእጅ ዋጋውንም አስቀድሞ እንደነገረኝ ነው የተቀበለው።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ስንወጣ በሩ ተከፍቷል፣ ከመሪው ስር ያለው ሽቦ ተጎልጉሎ ወጥቷል፣ አላርሙን የሰማ የለም። መኪናዋ ግን እዛው ናት! እናቴ እልል አለች። ደወልኩለት፣ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ሽቦውን አስተካከለልን፣ ለዚያ ደግሞ ሳንቲም አልተቀበለም። እግዜር ይስጥልን ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ።

ሳላስፈቅደው ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ሁለት ታግ አሠሩ፣ አንዷ ብትጠፋ ሌላዋ ቤት ትኑር። ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ እንዳታንጠለጥሏት ደግሞ፣ ይሄን ለኔ ሦስቴ ነው የነገረኝ።