ኤርድስሊና ኢስት ሚዮን፦ የሁለት ጥንታዊ መጠመቂያዎች ንጽጽር

በእንግሊዝ የገጠር አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ከሚገኙት የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የድንጋይ መጠመቂያዎች መካከል በሄርፎርድሺር የኤርድስሊ፣ በሃምፕሺር ደግሞ የኢስት ሚዮን በእጅጉ ይለያያሉ።

የኤርድስሊው ከአሸዋ ድንጋይ የተጠረበ፣ ቅርጹ ዋንጫ የሚመስል፣ የአካባቢው ጠራቢዎች ሥራ ነው። ዙሪያውን በተጠላለፈ ሐረግ ተሸፍኗል፤ በሐረጉ መካከል አንዱ ጦር፣ ሌላው ሰይፍ የያዙ ሁለት ተዋጊዎች ይፋለማሉ፣ ትልቅ አንበሳም ይታያል። ክርስቶስ መስቀሉን ይዞ አንድን ሰው ከጠመጠመው ሐረግ እጁን ጨብጦ ጎትቶ ሲያወጣው የሚያሳየው ክፍል፣ ነፍሳትን ከሲኦል ማውጣቱን የሚያመለክት ሲሆን፣ ለጥምቀት ከዚህ የሚስማማ ሥዕል ማግኘት ይከብዳል።

የኢስት ሚዮኑ ግን ዛሬ ቤልጂየም ከምትባለው አገር፣ ከቱርኔ የመጣ ጥቁር የኖራ ድንጋይ ነው፤ እብነ በረድ ቢባልም እብነ በረድ አይደለም። ገንዳው አራት ማዕዘን ሆኖ በአምዶች ላይ ቆሟል። የአዳምና የሔዋን ታሪክ ከፍጥረታቸው እስከ መባረራቸው በተራ ተቀርጾበታል፤ መልአኩ አዳምን መቆፈር ሲያስተምረው ሔዋን ክር ትፈትላለች።

ማንበብ ለማይችል ምእመን የኢስት ሚዮኑ ግልጽ ትምህርት ይሰጣል። በጥርብ ሥራ ሕያውነት ግን ኤርድስሊ ይበልጥብኛል፤ የቱርኔ ምስሎች ጠንካራው ድንጋይ ያስገደዳቸው ይመስል ደረቅ ይላሉ። የቱርኔውን ዓይነት የመረጠ ተመልካች በዊንቸስተር ካቴድራል ካለው አቻው ጋር ሊያስተያየው ይችላል።