«ከብረት ይጠነክራል» ተብላችሁ የሴራሚክ ጥርስ ልታስተክሉ ላሰባችሁ የድሬና የሐረር ሰዎች

ማክሰኞ ማታ የአክስቴ ልጅ ደውላ፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ የጥርስ ክሊኒክ ቀብድ ልትከፍል እንደሆነ ነገረችኝ። «ሴራሚክ ነው፣ ከብረት ይጠነክራል፣ ዋስትናው የዕድሜ ልክ ነው ብለውኛል» አለች። እኔም ሌላ ቦታ የተባልኩት ቃል በቃል ይህንኑ ነው። እስካሁን አፍሬ ዝም ብዬ ነበር፤ እሷን ስሰማ ግን ዝምታው ከበደኝ።

የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ከተነቀለ ቆይቷል። ስሙን የማልጠራው የድሬዳዋ ክሊኒክ «ቲታኒየም የሚባለው ብረት ድድ ያጠቁራል፣ ሴራሚኩ ነጭ ነው፣ አይሰበርም» አለኝና ከቲታኒየሙ እጥፍ ግድም ከፈልኩ። (የቲታኒየም ጥላ የሚታየው ድዱ ስስ ሲሆን ነው፤ የሚያሳስበውም የፊት ጥርስ ላይ ነው። ማንም የማያየው መንጋጋዬ ላይ ምን ሊያሳስበኝ ኖሯል?) ሥሩ አጥንቴ ውስጥ ከተተከለ በኋላ አራት ወር ጠበቅኩ። የሚታየው ጥርስ ላዩ ላይ ሊገጠም ሲል ተክሉ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ሐኪሙ አፌ ውስጥ እንዳለ አናቱን በማሽን ሞረደው። ነጩ ዱቄት ከውሃው ጋር ምላሴ ላይ ሲያርፍ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

በ14ኛው ወር፣ እሑድ ጠዋት፣ ፈጢራ እየበላሁ «ቀጭ» አለ። አጥንት አልጋጥኩም፣ ቆሎም አልቆረጠምኩም። ሕመም የለም፣ ቀድሞ መነቃነቅ የለም። መዳፌ ላይ ስተፋው ጥርሱ ከነአንገቱ ወጥቷል፤ ስብራቱ እንደተሰበረ የቡና ስኒ ጠርዝ ንጹሕና ሹል ነው። ሥሩ አጥንቴ ውስጥ ቀርቷል።

ሐረር ሄጄ ያየኝ ሌላ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ «እህቴ፣ የየትኛው አምራች ነው? ውፍረቱስ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብሎ ነበር። የምመልሰው አልነበረኝም። ደረሰኜ ላይ ያለው «የጥርስ ሕክምና» የሚል ብቻ ነው።

ያስረዳኝን እናንተም እወቁት። ለተከላ የሚውለው ሴራሚክ ዚርኮኒያ ይባላል፤ ከስኒ ሸክላ ጋር አንድ አይደለም። የመታጠፍ ጫናን የሚችልበት አቅም ከ900 እስከ 1,200 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ ተራው የጥርስ ፖርሴሊን ግን 100 አካባቢ ነው። ስንጥቅ ሲጀምር በዙሪያው ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ያብጡና ስንጥቁን ይጨቁኑታል። ስለዚህ ዕቃው በራሱ መጥፎ አይደለም፤ «ጠንካራ ነው» ያለኝም ሰው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። የደበቀኝ ሌላውን ግማሽ ነው። ብረት ከመሰበሩ በፊት ትንሽ ይለመጣል፤ ሴራሚክ አይለመጥም። ላዩ ላይ የተፈጠረች የፀጉር ያህል ስንጥቅ በእያንዳንዱ ማኘክ እየገፋች ሄዳ አንድ ቀን ድንገት ትለቀዋለች። አፍ ውስጥ በማሽን መሞረድ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሊፈጥር ይችላል። ቀጭኑ ተክል ከወፍራሙ ይልቅ ለስብራት የቀረበ ነው። ማታ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ደግሞ ጫናው ይብስበታል፤ እኔ አፋጫለሁ፣ ግን የጠየቀኝ የለም። ጫት ለሰዓታት በአንድ ጎን የምትቅሙም ካላችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

የአምራቹ ነገር ለምን እንደሚያስጨንቅ የገባኝ ስለ ዳሌው ሲነግረኝ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ከዚሁ ከዚርኮኒያ የተሠሩ ሰው ሠራሽ የዳሌ ኳሶች በሰው አካል ውስጥ እየተሰበሩ ከገበያ ተሰብስበዋል። አምራቹ የሚተኩስበትን ምድጃ ከቀየረ በኋላ የወጡት ናቸው የተሰባበሩት። የትኛው ኳስ ከየትኛው ዙር እንደወጣ የታወቀው የምርት ቁጥር ስለነበረ ነው። የእኔስ ተክል ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል?

«የዕድሜ ልክ» የሚለውንም አትመኑ። ቲታኒየም ሰው አፍ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በስዊድን የተተከለው በአውሮፓውያኑ 1965 ነው፤ የዚርኮኒያ ተክል በስፋት መሸጥ የጀመረው ግን ከአውሮፓውያኑ 2000 ወዲህ ነው። የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ያልተፈተነን ነገር በዕድሜ ልክ ማስያዝ የማይሆን ነው። ወደ ድሬዳዋው ክሊኒክ ስመለስማ ያ ዋስትና «ተክሉ አጥንት ካልያዘ ነው እንጂ ስብራት የአጠቃቀም ችግር ነው» ሆነ። በጽሑፍ ስላልነበረ የምከራከርበት አጣሁ።

ሥሩ ከአጥንት ጋር ስለተዋሐደ እንደ ጥርስ ተስቦ አይወጣም። በዙሪያው ያለው አጥንት አብሮ በመሰርሰሪያ ተቆርጦ ነው የወጣልኝ። አሁን ጉድጓዱ እስኪሞላ እየጠበቅኩ በአንድ ጎን አኝካለሁ።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት ይህን ነው፦ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ማሸጊያውን አሳዩኝ በይ። የአምራቹ ስም፣ ውፍረቱና የምርት ቁጥሩ ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ከዕቃው ጋር ይመጣል፤ አንዱ በካርድሽ ላይ ይለጠፍልሽ። ስብራት በዋስትናው ውስጥ መሆኑ፣ የማውጫውንም ወጪ ማን እንደሚከፍል በማኅተም ይጻፍልሽ። ለመንጋጋ ከሆነ ቲታኒየሙ ለምን እንደማይሆንሽ ይንገሩሽ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዢው ዕቃና አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶሻል፤ ማስቸገር አይደለም።

ቀድማችሁ ያስተከላችሁም ተለጣፊው ካልተሰጣችሁ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ ከተሰበረ በኋላ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ዕቃውን የሚያመጣው ልጅ ሥራ ለቋል» የሚል ነው።