ስትራት ባር በአሮጌ ኮሮላ ላይ፦ ዕቃውና የገጠመልኝ ጋራዥ

ስትራት ባር በኮፈኖው ሥር ከአንዱ የፊት ሾክ አብዞርበር ራስ እስከ ሌላኛው ተጋድሞ ሁለቱን የሚያያይዝ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ሶማሌ ተራ ያሉ ሻጮች ስለዚህ ዕቃ ሦስት ነገር ይናገራሉ፦ የመኪናውን አካል ያጠነክራል፣ ኩርባ ላይ እንዳይዋዥቅ ያደርጋል፣ መሪውንም ያቀላል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛው በመኪናው ሁኔታ ይወሰናል፤ ሦስተኛው ግን ከዕቃው አሠራር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቀጥሎ የምጽፈው ራሴ የገዛሁትን ባርና በተክለ ሃይማኖት አካባቢ የገጠመልኝን ጋራዥ የሚመለከት ሲሆን፣ መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ በአዲስ አበባ በየመንገዱ የምትታይ ቶዮታ ኮሮላ ናት።

ኮሮላና መሰሎቿ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ ተበይዶ አንድ የሆነው ላሜራ ራሱ የመኪናውንም ክብደት የመንገዱንም ጫና ይሸከማል። የፊት እግራቸው ደግሞ ማክፈርሰን በሚባለው ዘዴ የተሠራ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የነደፈው ይህ ዘዴ ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን በአንድ ላይ አቁሞ የላይኛውን የእግር ክንድ አስቀርቷል። ቦታም ወጪም ስለሚቆጥብ ዛሬ አብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ይጠቀሙበታል፤ ነገር ግን ክንዱ ይሸከመው የነበረው የጎን ግፊት አሁን በቀጥታ ወደ ሾኩ ራስ፣ ከዚያም ሾኩ ወደታሰረበት የላሜራ መቀመጫ ይሄዳል። መኪናው ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ከባዱን ጫና ስለሚቀበል የዚያ ወገን መቀመጫ ከሌላው ይበልጥ ይገፋል፤ ላሜራው በጥቂቱ በተለመጠ ቁጥርም ጎማው መሬቱን የሚረግጥበት አቋም አብሮ ይለወጣል። ባሩ የሚያደርገው ሁለቱን መቀመጫዎች አያይዞ በአንዱ ላይ የመጣውን ግፊት ሌላው እንዲካፈለው ማድረግ ብቻ ነው።

ስለዚህም ጥቅሙ ወሰን አለው። የፊት ጎማ በሚነዳቸው ትንንሽ መኪኖች ላይ የሾክ መቀመጫዎቹ የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው ከሚለየው ግድግዳ እምብዛም አይርቁም፤ ያ ግድግዳ ደግሞ አስቀድሞ ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ፋብሪካው ከሠራው በላይ የምንጨምረው ጥንካሬ ትንሽ መሆኑን ማወቅ ከብዙ ቅሬታ ያድናል። ሐሳቡ ራሱ ግን የጌጥ ወዳዶች ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው፣ ለውድድር የታሰበው የፎርድ መኪና ሸልቢ ጂቲ350 ሙስታንግ በኮፈኖው ሥር ሞንቴ ካርሎ ባር የተባለ አግዳሚ ዘንግ ነበረው፤ ፎርድም ከአሜሪካ ውጭ ለሚሸጣቸው ሙስታንጎች፣ መንገዱ ሻካራ ይሆናል በሚል ግምት፣ ከግድግዳው ወደ ሾክ መቀመጫዎቹ የሚዘረጋ ጠንከር ያለ ማሰሪያ ይገጥም ነበር። ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ሁለተኛው ምክንያት ከውድድሩ ይልቅ ቅርብ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን ኮሮላ እየጠገኑ ማቆየት የብዙዎቻችን ምርጫ ሆኗል። ለአሮጌ መኪና የሚገዛ ተጨማሪ ዕቃም የበዛው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቧንቧው ከእግሮቹ፣ ማለትም በሾክ መቀመጫዎቹ ላይ ከሚያርፉት የዳር ብረቶች፣ ጋር ተበይዶ ወጥ የሆነ ነው፤ ሁለተኛው እግሮቹ ለብቻቸው ሆነው ዘንጉ ጫፍና ጫፉ ላይ በቡሎን የሚታሰርና ርዝመቱም በጥርስ የሚስተካከል ነው። ወጥ የሆነው ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የመኪናው ላሜራ በአደጋ ምክንያት ጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ከተዛነፈ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም፣ በዚህ ከተማ ደግሞ ባትላሜራ ያልነካው አሮጌ ኮሮላ ማግኘት ቀላል አይደለም። እኔ የመረጥሁት ሁለተኛውን፣ የአሉሚኒየም ዘንግና የብረት እግር ያለውን ነው። ከጎኑ በቀይ ቀለም የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ሌላ ባር ነበር፤ እግሩን በሁለት እጄ ይዤ ስጠመዝዘው ግን ብረቱ ታዘዘልኝ። በእጅ የሚታጠፍ ብረት የመኪና ላሜራ ሊይዝ አይችልም። ዘንጉ ሞተሩን ለማለፍ ብሎ እንደ ቀስት የተለመጠ ከሆነም መግዛቱ አይመከርም፤ ግፊት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታጠፈው ያው የተለመጠው ቦታ ነውና። ለባሩ የከፈልሁት ከሁለት ጥሩ የፊት ጎማዎች ዋጋ ያነሰ ነው፤ ጎማዎ ካለቀ ግን ምርጫው ግልጽ ነው።

ስለ ጋራዡ ብዙ ልበል፤ ከዕቃው ይልቅ ገንዘቤን የተገባ ያደረገው እርሱ ነውና። ቦታው ጠባብ ነው፣ ሁለት መኪና ካስገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ዋናው መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ባሩን አሳይቻቸው እንዲያስሩልኝ ስጠይቃቸው ተቀብለው አገላበጡት፣ ወዲያውም መልሰው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ይሄን ከማሰሬ በፊት የላይኛውን ጎማ ልየው፤ እሱ ካለቀ ይሄ ለጌጥ ነው የሚሆንህ» አሉኝ። የላይኛ ጎማ የሚሉት የሾኩን ራስ ከላሜራው መቀመጫ ጋር የሚያገናኘውን ላስቲክ ነው። ከዚያም ረዳታቸውን መሪው ላይ አስቀምጠው ወዲያና ወዲህ እንዲያዞር አዘዙት፣ እርሳቸው ደግሞ መዳፋቸውን በሾኩ ራስ ላይ አሳርፈው አዳመጡ። በግራ በኩል መሪው በዞረ ቁጥር የሾኩ ራስ ከላይኛው ጎማ ጋር ይነሣና ይቀመጥ ነበር፤ እጄን እንዳሳርፍ ጋበዙኝና እኔም ተሰማኝ። በክሪክ አንሥተውም የሎወር አርሙን (የታችኛውን የእግር ክንድ) የላስቲክ ቡሺንግና ቴስቲናዎቹን (ተሽከርካሪ መጋጠሚያዎቹን) በብረት እየፈለቀቁ ፈተሹ። የግራው የላይኛ ጎማ እንዲቀየር፣ ባሩም ከዚያ በኋላ እንዲገጠም ወሰኑ። ደንበኛ ዕቃ ይዞ መጥቶ «እሰርልኝ» ሲል አስሮ ገንዘብ መቀበል ይችሉ ነበር፤ ብዙ ቦታ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ባሩን ማሰሩ ራሱ ረጅም ሥራ አይደለም፤ ልዩነቱ በጥንቃቄው ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ በአራቱም ጎማ መቆም አለበት፤ ተነሥቶ ሳለ ዳዶዎቹ ከተፈቱ ሾኩ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። የሚፈቱት በየወገኑ ያሉት ሦስት የዳር ዳዶዎች ብቻ ናቸው። መካከል ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ የታመቀውን ሞላ አፍኖ የያዘ ስለሆነ ፈጽሞ አይነካም፤ ቤታቸው ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢይዙ ይህን ይያዙ። መካኒኩ መቀመጫዎቹን ከአቧራና ከዘይት አጽድተው እግሮቹን አስቀመጡ፣ ከዚያም የእግሩ ውፍረት የቡሎኑን ጥርስ ስለሚቀንስ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ወደ ላይ መትረፉን አንድ በአንድ አዩ። ረዳቱ በአየር የሚሠራውን መፍቻ ይዞ ሲጠጋ በዐይናቸው ብቻ መለሱት፤ በእጅ ካስያዙት በኋላ መጨረሻውን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው መፍቻ፣ በቶርክ ሬንች፣ ለኩ። ከዘንጉ ርዝመት ጋር በተያያዘም ባሩ መቀመጫዎቹን ወደ ውጭም ወደ ውስጥም እንዳይገፋ፣ ቡሎኑ በጣት ተገፍቶ እስኪገባ ድረስ ካስተካከሉ በኋላ ነው ያጠበቁት። ብዙ ሰው ባሩን ወጥሮ ማሰር ጥንካሬ የሚጨምር ይመስለዋል፤ የሚያተርፈው ግን መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ ላሜራውን ማስጨነቅ ነው።

ኮፈኖው ከባሩ ጋር እንዳይነካካ ያረጋገጡበት መንገድ ደስ አሰኝቶኛል። ጥቂት እርጥብ ስቱኮ በላስቲክ ጠቅልለው በዘንጉ ከፍተኛ ቦታ ላይ አስቀመጡ፣ ኮፈኖውን ቀስ ብለው ዘግተው ከፈቱት፤ የተጨፈለቀው ስቱኮ የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ቀርቶት ነበር። ሞተሩ ፍጥነት ሲጨመር በመቀመጫው ላይ እንደሚናጥ አስታውሰውም ረዳታቸው ነዳጅ እየሰጠ ክፍተቱን ተመለከቱ። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ዳዶና በእግሩ ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ሳቡ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው፤ ኮፈኖ ለሚከፍት ሰው ሁሉ የሚታይ፣ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምልክት ነው።

መንገድ ላይ ያለው ውጤት የሚከተለው ነው። በመሀል ከተማ የትራፊክ ፍጥነት፣ ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ባለው ሰልፍ ውስጥ፣ ባሩ መኖሩን የሚያስታውስ ነገር የለም። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርዶ ቴዎድሮስ አደባባይን ሲዞሩ ግን የመኪናው አፍንጫ መሪው እንደዞረ ወዲያው ይከተላል፤ ቀድሞ በመሪውና በጎማው መካከል የነበረችው አጭር መዘግየት ቀንሳለች። ልዩነቱ ጎልቶ የተሰማኝ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው፤ ኩርባው እየተከታተለ ሲመጣ መሪውን በመካከሉ ማረም አይጠይቅም። አንዱ የፊት ጎማ ብቻ ጉብታ ላይ ሲወጣም በዳሽቦርዱ ይሰማ የነበረው መንቀጥቀጥ አጠር ብሏል። ከዚህ መሻሻል ምን ያህሉ የአዲሱ የላይኛ ጎማ፣ ምን ያህሉ የባሩ እንደሆነ ለመለየት ባሩን ፈትቼ በዚያው መንገድ ነድቻለሁ፤ በእኔ ግምት ትልቁ ድርሻ የላይኛው ጎማ ነው፣ የመሪው ፈጣን ምላሽ ግን የባሩ ነው። የላይኛ ጎማውና ቡሺንጉ የደከመ መኪና ያለው ሰው ባሩን ቢያስር የሚያገኘው ከኮፈኖው ሥር የሚታይ ማማር ብቻ ይሆናል።

ጉድለትም አለው። በኮብልስቶን ላይ የጎማው ድምፅ ከቀድሞው ትንሽ ጎላ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ካንዴላ ለመቀየር ወይም ከሞተሩ በላይ ለመሥራት የፈለገ መካኒክ ባሩን መፍታት ሊኖርበት ይችላል። ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መኪናው በአንድ ጎን ክፉኛ ቢመታ ባሩ ጉዳቱን ወደ ሌላኛው መቀመጫም ሊያደርስ መቻሉ ነው፤ ያን ጊዜ ባትላሜራው የሚያቃናው ሁለት ወገን ይሆናል። ለኋላም ተመሳሳይ ባር ይሸጣል፤ የኔዋ ኮሮላ የኋላ እግሯም የቆመ ሾክ ስለሆነ ሊገጠምላት ይችላል፣ ነገር ግን የዕቃ መጫኛውን ቦታ በአግድም ስለሚዘጋው አልወሰድሁትም።

ወደ ጋራዡ ልመለስና፣ ሁለት ነገር ቢሻሻል እወዳለሁ። አንደኛ፣ ሒሳቡ የተነገረኝ በቃል ነው፤ የላይኛው ጎማና የእጅ ሥራው ዋጋ ተለይቶ እንዲጻፍልኝ ስጠይቅ ተጻፈልኝ፣ ባልጠይቅ ግን አላገኝም ነበር። ሁለተኛ፣ ዳዶዎቹ ተፈትተው ሲታሰሩ የሾኩ ራስ በቀዳዳው ውስጥ በጥቂቱ ሊንሸራተት ስለሚችል ከሥራው በኋላ ዊል አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ልኬት) ማየት ተገቢ ነው፤ ጋራዡ ግን መሣሪያው የለውም። መካኒኩ ይህን ሳይሸሽጉ ነግረው ወደ ሌላ ቤት ላኩኝ፣ እዚያም ወረፋው ረዘመ። ወደ እርሳቸው የሚሄድ ሰው ጠዋት ቢሄድ ይሻለዋል፤ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ የሚቆም መኪና ስለሚበዛ ሥራ የሚቀበሉት ለማግስቱ ነው።