የአውሮፕላን አማራጭ ነዳጆች፦ የቱ ይሻላል?

ነዳጅ ሻጭ ሁሉ የእኔ አረንጓዴ ነው ይላል። ገዢ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ግን «ከምን ተሠራ?» ብሎ ነው። ሰማይ ላይ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን በአብዛኞቹ ያው ነው፤ ልዩነቱ ያለው ጥሬ ዕቃው ላይ ነው።

ዛሬ ገበያው ላይ በብዛት ያለው ካገለገለ የምግብ ዘይት የሚሠራው ነው። ከኬሮሲን (ከመደበኛው የአውሮፕላን ነዳጅ) ጋር እስከ 50 በመቶ ይቀላቀላል፤ ሞተሩም ታንከሩም አይነካም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስሌት ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ እስኪቃጠል ሲታሰብ፣ መደበኛው ነዳጅ ለአንድ ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) 89 ግራም በካይ ጋዝ ሲያስከትል ይህኛው 13.9 ግራም ብቻ ነው። በፓልም ዘይት ከተሠራ ግን ጣጣው ሌላ ነው፤ ደን ከተመነጠረለት ከኬሮሲንም ሊብስ ይችላል። ያገለገለው ዘይት ነዳጅ ዋጋው ውድ ነው፣ አቅርቦቱም ውስን። እኛ ቤትማ ዘይት እስኪያልቅ ስለሚጠበስበት የሚሰበሰብ ትርፍ ብዙም የለም።

ጎመን ዘርስ? አዎ፣ ያው ምጣድ የሚታሰስበት። በ2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ አነስተኛ ጄት በዚህ ዘር ነዳጅ ብቻ በረረ። በ2018 ደግሞ የአውስትራሊያው አየር መንገድ ቃንታስ 10 በመቶ ቀላቅሎ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሜልቦርን ተጓዘበት። ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው ፋጉሎ ለከብት ይሆናል። ዋናው ከምርት በኋላ ባዶ በሚያድር ማሳ ላይ መዝራት ነው። የጤፍ መሬት ከተሻማ ግን አይሆንም።

ራስን መቻል ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ ደቡብ አፍሪካን ይመልከቱ። በአፓርታይድ ዘመን የነዳጅ ማዕቀብ ሲጣልባት ሳሶል የተባለው ኩባንያዋ ከድንጋይ ከሰል ቤንዚንና ናፍጣ ያመርት ነበር። ከ1999 ጀምሮ የጆሃንስበርግ አውሮፕላኖችም ከከሰል የተሠራ ነዳጅ ቀላቅለው ይቀዳሉ። ጥገኝነቱ ቀነሰ፣ ከማምረቻው ጀምሮ የሚያስከትለው በካይ ጋዝ ግን ከኬሮሲን እጥፍ ያህል ነው። ለአካባቢ ብሎ ይህን የሚገዛ ካለ ተሸውዷል።

የመጨረሻው ከኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው፦ ከውሃ ሃይድሮጅን ወጥቶ ከአየር ወይም ከፋብሪካ ጭስ ከተያዘ ካርቦን ጋር ይዋሃዳል። መብራቱ ከግድብ ወይም ከንፋስ ከመጣ ንጹሕ ነው። ነዳጇን በዶላር እየገዛች በጅቡቲ በኩል በቦቴ ለምታስገባ ኢትዮጵያ ሐሳቡ ያጓጓል፤ የሕዳሴው ግድብም 5,150 ሜጋዋት ነው። ሆኖም ግማሽ ያህሉ ኃይል በምርት ሂደት ይባክናል፣ ሚሊዮኖች ደግሞ ገና መብራት አላገኙም። ዋጋውም ከሁሉ የሚያስደነግጠው ነው። (ንጹሕ ሃይድሮጅን በ-253 ዲግሪ የሚቀመጥና አዲስ አውሮፕላን የሚፈልግ ስለሆነ ለጊዜው ይቆየን።)

ዘንድሮ ነዳጅ ለሚገዛ አየር መንገድ ምርጫዬ ያገለገለው ዘይት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 ጀምሮ ነዳጅ አቅራቢዎች 2 በመቶ አረንጓዴ ነዳጅ እንዲቀላቅሉ ስላስገደደ፣ ከፍራንክፈርት የሚነሳ እሱኑ መክፈሉ አይቀርም። መጠኑ በ2030 ወደ 6 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ ውሉን አጭር ያድርጉት፣ ዘይቱ ከየት እንደተሰበሰበም በእያንዳንዱ ጭነት የምስክር ወረቀት ይጠይቁ።